ከምረቃ በኋላ የሚመጣው ክረምት

ቆቦ ተቀምጦ ስለ ሥራ የሚጽፍ ሰው ከሴፍቲኔት መጀመሩ ግድ ነው። የልማታዊ ሴፍቲኔት ፕሮግራም በጥር 1997 ዓ.ም. ተጀመረ፤ ዛሬ በሃያዎቹ ዕድሜ ያለ የራያ ቆላ ወጣት ከልጅነቱ ጀምሮ የሚያውቀው የመንግሥት ድጋፍ ይኸው ነው። እኔ ከኮምቦልቻ ግብርና ኮሌጅ ወጥቼ በሮቢትና በቆቦ መካከል ባለ አንድ ቀበሌ የልማት ሠራተኛ ሆኜ ስመደብ፣ ከተማርኩት የሰብል ትምህርት ይልቅ ቀኔን የሚጨርሰው የሴፍቲኔት መዝገብ ነበር። ማን ይግባ፣ ማን ይውጣ፣ የወጣውስ በምን ይኑር? ጥያቄው ያኔ ያዘኝ፤ ዛሬም አልለቀቀኝም።

ከሴፍቲኔት በፊት የነበረውን ታላላቆቻችን ያውቁታል። ዝናብ ሲቀር ወረዳው ለዞን፣ ዞኑ ለክልል፣ ክልሉ ለፌዴራል ይጽፋል። አጥኚ ይመጣል፣ ለጋሽ ይለመናል። እህሉ ከወደብ ተጭኖ እኛ ዘንድ እስኪደርስ ገበሬው በሬውን ሸጦ፣ ዘሩን በልቶ ይጠብቃል። በ1965 እና በ1966 ዓ.ም. የወሎ ሰው በአውራ ጎዳናው ዳር እየወደቀ ያለቀው፣ በጥቅምት 1977 ዓ.ም. ከእኛ በላይ ዳገቱ ላይ ያለው ኮረም በመላው ዓለም ቴሌቪዥን የታየው እንዲህ ሲዘገይ ነው። በ1995ቱ ድርቅ ደግሞ እርዳታ ጠባቂው ሕዝብ ከ13 ሚሊዮን አለፈ። መንግሥትና ለጋሾች ከዚያ በኋላ ነው አንድ ነገር የተስማሙት፦ ዝናብ በሰጠ ዓመት እንኳ ቀለቡ ለማይደርሰው ሰው በየዓመቱ እንደ አዲስ መለመን ይቅር፤ አስቀድሞ ይታወቅ፣ በጀት ይያዝለት፣ መሥራት የሚችለውም ሠርቶ ይብላ። ፕሮግራሙ በመጀመሪያው ዓመት ወደ 5 ሚሊዮን ሰው ያዘ፤ ብዙም ሳይቆይ ከ7 ሚሊዮን በላይ ሆነ።

አሠራሩን ላስረዳ። ጉልበት ያለው ቤተሰብ የእርሻ ሥራ በሚላላበት ከጥር እስከ ሰኔ ባለው ጊዜ፣ ለእያንዳንዱ የቤተሰብ አባል በወር 5 ቀን ታስቦ በማኅበረሰብ ሥራ ይሰማራል። የቀኑ ክፍያ መጀመሪያ ላይ 6 ብር ወይም 3 ኪሎ እህል ነበር፤ አምስቱ ቀን ሲደመር ለአንድ ሰው በወር 15 ኪሎ ማለት ነው። አዛውንት፣ አካል ጉዳተኛ፣ ጧሪ የሌለው ሕመምተኛ ሳይሠራ ይቀበላል፤ ቀጥታ ተጠቃሚ ይባላል። ነፍሰ ጡርና የምታጠባ እናትም ለጊዜው ከሥራ ትወጣለች፣ ክፍያዋ ግን አይቋረጥም።

ሥራው በእኛ በኩል በአብዛኛው ተዳፋት ላይ ነው። ከምዕራብ ተራሮች የሚወርደው ጎርፍ በሆርማትና በጎሊና አድርጎ ሜዳው ላይ ይተኛል። ለማሽላው ሕይወት ነው፤ ሲበረታ ደግሞ ማሳውን ከነአፈሩ ይዞት ይሄዳል። እርከኑን የካበ፣ ክትሩን የሠራ፣ ተራራውን ከከብት ንክኪ ከልሎ ያስጠበቀ የሴፍቲኔት ተጠቃሚ ነው። ይህን ጉልበት “ድንጋይ ማግላበጥ” ብሎ የሚያቃልል ሰው ሲያጋጥመኝ ያመኛል። የተራቆተ ኮረብታ ሣር አብቅሎ ያየሁት በእነዚያ ሰዎች እጅ ነው።

ነገር ግን በወር አምስት ቀን መተዳደሪያ አይሆንም፤ ፕሮግራሙም ይሁን አላለም። ሐሳቡ ቀለቡ ጥሪት እንዳይሸጥ ይከላከላል፣ ብድርና ስልጠናው ደግሞ አዲስ ጥሪት ያፈራል፣ ቤተሰቡም አንድ ቀን ራሱን ችሎ ይወጣል የሚል ነው። መውጣቱ ምረቃ ተባለ። በአማራ ክልል መጀመሪያ የተያዘው መለኪያ የቤተሰቡ ጥሪት ተገምቶ ለነፍስ ወከፍ 4,200 ብር ሲደርስ ነበር። ከ2002 ዓ.ም. ወዲህ ለዚሁ ተብሎ የቤተሰብ ጥሪት ግንባታ ፕሮግራም ተዘጋጀ፤ ብድሩ በክልላችን ከአብቁተ፣ ማለትም ዛሬ ጸደይ ባንክ ከሆነው ተቋም፣ ወይም ከገጠር ቁጠባና ብድር ማኅበራት ይገኛል። ተበዳሪው የሥራ ዕቅድ ማቅረብ አለበት። ዕቅዱን የሚጽፈው ግን አብዛኛውን ጊዜ የልማት ሠራተኛው ነው።

አንዲት እናት አሉ፤ ስማቸው ይቆይ። ባላቸው ሞተዋል፤ አራት ልጅ ያሳድጋሉ፤ ግማሽ ሄክታር የማይሞላ መሬታቸውን በእኩል ሰጥተው ያሳርሳሉ። ከግራር ሥር ተቀምጠን ቅጹን እየሞላሁ ነበር። የሥራው ዓይነት በሚለው ላይ ፍየል ማድለብ ብዬ ጻፍኩ። ስድስት ሙክት፤ መግዣው ይህን ያህል፣ ጨውና መድኃኒቱ ይህን ያህል፣ ለፋሲካ ሲሸጡ ትርፉ ይህን ያህል። መኖ የሚለው ላይ ስደርስ “የራስ ማሳ አገዳ” ብዬ ዜሮ ብር አስቀመጥኩ። አንገታቸውን ሰብረው ያዳምጡ ነበርና ቀና አሉ።

“ልጄ፣ ማሽላው የቀረ እንደሆነ አገዳውን ከየት አመጣዋለሁ?”

ስለ ሴፍቲኔትና ስለ ሥራ ብዙ ሰነድ አንብቤያለሁ፤ ከዚህች ጥያቄ የሚበልጥ ግን አላየሁም። ቅጹ ላይ ለእሷ የተተወ መስመር አልነበረም። የራያ ቆላ ሰው ይህን ለማወቅ ትምህርት አያስፈልገውም። እንደ ደጋሊትና ጅጉርቲ ያሉት የአገር ማሽላዎች ብዙ ወር የሚፈልጉ ናቸው፤ ሚያዝያ ላይ ካልተዘሩ አይደርሱም። የበልጉ ዝናብ ሲዘገይ ገበሬው ወደ ጤፍ ይዞራል፤ ክረምቱም ካጠረ ጤፉ ይቀራል፤ የተረፈውን ማሽላ ደግሞ አቀንጭራ ይመጠዋል። ማሽላ ሲጠፋ የሚጠፋው እህሉ ብቻ አይደለም። የከብቱ መኖ አብሮ ይጠፋል፤ መኖ ሲጠፋ ሁሉም ከብቱን በአንድ ጊዜ ገበያ ያወጣል፤ ዋጋው ይወድቃል። በዚያው ሳምንት የእህል ዋጋ ይሰቅላል። በዓመት በዓመቱ ደህና ሲያተርፉ የነበሩት የፍየሉ፣ የዶሮው፣ የአረቄው፣ የጉልቱ ሥራ ሁሉ አንድ ላይ ይወድቃሉ፤ ገዢያቸውም ያው ገበሬ ነውና። ስማቸው ለየብቻ ይሁን እንጂ ሁሉም ያንኑ ደመና ይጠብቃሉ።

ያቺ እናት በ2006 ዓ.ም. ተመረቁ። በእነዚያ ዓመታት ምረቃ የሚመጣው ከቤተሰቡ አቅም ብቻ አልነበረም። በአንደኛው የዕድገትና ትራንስፎርሜሽን ዕቅድ እስከ 2007 ዓ.ም. ድረስ ከ7 ሚሊዮን በላይ የነበረውን የሴፍቲኔት ተጠቃሚ ወደ 1.3 ሚሊዮን ማውረድ ታቅዶ ነበር፤ ዕቅዱም ወደ ክልል፣ ወደ ዞን፣ ወደ ወረዳ፣ በመጨረሻም ወደ ቀበሌ በቁጥር ይወርዳል። ስድስት ፍየልና ሁለት ጥጃ በሚያዝያ ገበያ ዋጋ ሲባዙ መለኪያውን ያልፋሉ። ተጨበጨበላቸው፣ ፎቶ ተነሡ፣ ከመዝገብ ወጡ።

በ2007 በልጉ ቀረ፤ ክረምቱም ቀረ። ኤልኒኖ ያመጣው ያ ድርቅ በታኅሣሥ 2008 ዓ.ም. አስቸኳይ የምግብ እርዳታ የሚሻውን ሕዝብ 10.2 ሚሊዮን አደረሰው፤ ይህ ቀድሞ በሴፍቲኔት ከታቀፈው ሕዝብ ሌላ ነው። ምሩቋ እናት ፍየሎቹን የመግዣቸውን ግማሽ እንኳ ሳያገኙ ሸጧቸው። ዕዳው ቀረ። አንድ ጊዜ የተመረቀ ሰው ለመመለስ እንደ አዲስ መመልመል ስላለበት ለእርዳታ የተሰለፉት ፕሮግራሙን ከማያውቅ ሰው ጋር እኩል ነው። ሰው ሠርቶ አደገ ብለን ካጨበጨብን በኋላ ባንድ ክረምት እንዲህ ስንተወው የምንጎዳው እሱን ብቻ አይደለም። ጎረቤቱ አይቷል። በሚቀጥለው ዓመት ቆጠራ ሲመጣ ፍየሉን ዘመድ ቤት የሚያሳድር ሰው ሰነፍ ስለሆነ አይደለም፤ መውጣትን መውደቅ አድርጎ ስላየው ነው።

ፕሮግራሙ አልሠራም እያልኩ እንዳልሆነ ይታወቅልኝ። የዓለም አቀፉ የምግብ ፖሊሲ ምርምር ተቋም ባለሙያዎች አምስት ዓመት የተከፈላቸውን ቤተሰቦች አንድ ዓመት ብቻ ከተከፈላቸው ጋር ሲያነጻጽሩ፣ የመጀመሪያዎቹ የሚራቡበት ወቅት በዓመት በ1.29 ወር አጥሮ አግኝተውታል። አንድ ወር ከሳምንት ለሩቅ አንባቢ ትንሽ ይመስል ይሆናል። ሐምሌና ነሐሴን በቆቦ ገጠር ያሳለፈ ሰው ግን ያ ወር ምን እንደሆነ ያውቃል። በብድርና በስልጠና የተደገፉትም በቀለብ ብቻ ከቆዩት የተሻሉ ነበሩ። እንግዲህ ሥራው እንደሚጠቅም ታይቷል፤ የጎደለው ከምረቃ በኋላ ያለው ነው።

አራተኛው ዙር ሴፍቲኔት ሲጀመር መተዳደሪያው ሦስት መንገድ ተከፈለለት፦ ሰብልና እንስሳት፣ ከእርሻ ውጭ ያለ ንግድና እጅ ሥራ፣ እና ቅጥር። ሦስተኛው መንገድ መሬት ላልደረሳቸው ልጆች ተስፋ ነበረው። አባት ግማሽ ሄክታር ያለው ቤት ለአምስት ልጅ ምን ያወርሳል? የኮምቦልቻ ኢንዱስትሪ ፓርክ ሐምሌ 1 ቀን 2009 ዓ.ም. ሲመረቅ ከእኛም ወረዳ ሴቶች ልጆች ሻንጣቸውን ይዘው ሄዱ። ብዙዎቹ ተመለሱ። ከቆቦ ወልድያ፣ ከወልድያ ደሴ፣ ከዚያም ኮምቦልቻ ወርዶ ክፍል ተከራይቶ በጀማሪ ደመወዝ የመጀመሪያውን ወር መግፋት ከባድ ነው፤ ኪራዩ በቅድሚያ ይከፈላል፣ ደመወዙ ግን በወሩ መጨረሻ ነው።

ይህ የእኛ ልጆች ድክመት እንዳይመስል አንድ ጥናት ላንሳ። ክሪስቶፈር ብላትማን እና ስቴፋን ደርኮን የተባሉ ተመራማሪዎች በአገራችን በአምስት ኩባንያዎች ደጅ ሥራ ፈልገው የመጡ አንድ ሺህ ገደማ ወጣቶችን በዕጣ ከፋፈሉ። ለአንዱ ክፍል የፋብሪካ ሥራ ተሰጠ፤ ለሌላው ወደ 300 ዶላር የሚጠጋ መነሻ ገንዘብና የንግድ ስልጠና። ፋብሪካ ከገቡት ሲሦው በመጀመሪያው ወር ሄዱ፤ ዓመት ሳይሞላ ከመቶ 77ቱ ለቀዋል። ገንዘብ የተሰጣቸው ደግሞ ገቢያቸው በሲሦ ያህል አደገ። ተመራማሪዎቹ ከአምስት ዓመት በኋላ ተመልሰው ሲያዩ ግን በሁለቱ መካከል የነበረው ልዩነት ጠፍቶ ነበር። እኔ ከዚህ የምይዘው ሁለት ነገር ነው። ሥራ ማገናኘት ብቻውን ሰውን ሥራ ላይ አያቆይም፤ አንዴ የተሰጠ ገንዘብም ብቻውን ዘላቂ አይሆንም። ለኮምቦልቻዋ ልጅ የሚያስፈልጋት የመጀመሪያዎቹን ሁለት ወራት ኪራይና ቀለብ የሚሸፍንላት፣ ስትታመም ወይም ከአለቃዋ ጋር ስትጋጭ የምትጠራው ሰው ነው። ይህ ወጪ ትንሽ ነው፤ ከአንድ ፍየል ዋጋ ብዙም አይርቅ። ፓርኩ ራሱም ቢሆን አልቀናውም፤ የሰሜኑ ጦርነት በ2014 ዓ.ም. እስከ በሩ ደረሰ፣ በዚያው ዓመት ታኅሣሥ ላይ አሜሪካ ከቀረጥ ነጻ የሚያስገባውን የአጎዋ ዕድል ከኢትዮጵያ አነሣች።

ከኮምቦልቻ የተመለሰች ልጅ የት እንደምትሄድ ማንም የወሎ ሰው ያውቃል። በአፋር አድርጋ ኦቦክ፣ ባሕሩን ተሻግራ የመን፣ ከዚያ ሳዑዲ። በ2006 ዓ.ም. ሳዑዲ ከ160 ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያንን ስትመልስ ወሎ ብዙ ልጆቹን ባዶ እጃቸውን ተቀብሏል፤ መንገዱ ግን አልተዘጋም። ለደላላ የሚከፈለው ከየት ይመጣል? ከበሬው፣ ከፍየሉ፣ አንዳንዴም ጥሪት ይገነባ ተብሎ ከተወሰደው ብድር። ወላጆቹን መገሠጽ ቀላል ነው። እኔ አልገሥጽም። ዝናብ የማይጠብቅ ገቢ የሚያውቁት ስደቱን ብቻ ከሆነ ወደዚያ ማየታቸው ተፈጥሯዊ ነው።

ዝናብ የማይጠብቅ ገቢ ግን እዚሁ እግራችን ሥር አለ። የራያ ሜዳ ከርሰ ምድሩ ውኃ ነው። የቆቦ ጊራና ሸለቆ ልማት ፕሮግራም ጥልቅ ጉድጓድ እያስቆፈረ፣ በሞተር እየሳበ ሽንኩርት፣ ቲማቲምና በቆሎ በበጋ ማምረት እንደሚቻል አሳይቷል። አንድ ጉድጓድ በሚያጠጣው ማሳ ላይ ችግኝ የሚያፈላ፣ የሚተክል፣ የሚኮተኩት፣ የሚለቅም፣ በጆንያ የሚያስር፣ የሚጭን አለ፤ አብዛኞቹ ሴቶችና ወጣቶች ናቸው። መሬት የሌላት ልጅ ከየካቲት እስከ ግንቦት ያለማቋረጥ የቀን ሥራ ያገኘችው እዚያ ነው። ስለዚህ በእኛ ወረዳ የሥራ ጉዳይ የሞተርና የትራንስፎርመር ጉዳይም ነው። መብራት ሲቋረጥ ሽንኩርቱ ይጠወልጋል፤ የቀን ሠራተኛውም ይበተናል። ጦርነቱ ሁለት ጊዜ በላያችን ሲያልፍ ጉድጓዶቹንም አልማራቸውም። ጦርነቱን ካስቆመው ከፕሪቶሪያው ስምምነት በኋላ በ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ ደግሞ የእርዳታ እህል ለወራት ተቋረጠ፣ በክልሉም አዲስ ግጭት ተነሣ። የተበላሸን ጉድጓድ መጠገን በሴፍቲኔት ሰነድ ውስጥ የቅጥር ድጋፍ ተብሎ አይጻፍም። እኔ ቢጠይቁኝ አንደኛ ላይ የምጽፈው እሱን ነበር።

ከተሞቹ ከገጠሩ ዘግይተው ቢጀምሩም የምንማርባቸው ነገር አለ። የከተማ ልማታዊ ሴፍቲኔት በ2009 ዓ.ም. በ11 ከተሞች፣ ደሴን ጨምሮ፣ 604 ሺህ ሰው ለማቀፍ ተጀመረ። ሠራተኛው መጀመሪያ በቀን 60 ብር ይከፈለው ነበር፤ ከዚያ ላይ 20 በመቶው በስሙ ባንክ ይቀመጥለታል። ሦስተኛው ዓመት ላይ ቁጠባው የራሱ ነው፤ የሥራ ማስጀመሪያ ገንዘብ ደግሞ በብድር ሳይሆን በስጦታ ይጨመርለታል። ሁለተኛው ምዕራፍ ወጣቶችን በግል ድርጅቶች ውስጥ ለወራት እየተከፈላቸው እንዲለምዱ የሚያደርግ ክፍል አለው። ለድሃ ድሃው ስጦታ መስጠት ወደ ገጠሩም ገብቷል፤ ተገቢ ነው። አራት ልጅ ያላትን ባል የሞተባት ሴት በዕዳ ማስጀመር ከመነሻው ከባድ ነበር።

በዓለም ላይም ይህ ጥያቄ አዲስ አይደለም። የባንግላዴሹ ብራክ በ2002 እ.ኤ.አ. የጀመረው መንገድ ከብት መስጠትን፣ ቀለብን፣ ስልጠናንና በየሳምንቱ ቤት ድረስ እየሄዱ መጠየቅን አንድ ላይ ያደርጋል። በስድስት አገሮች ተሞክሮ ውጤቱ በ2015 እ.ኤ.አ. ታተመ፤ ከስድስቱ አንዷ ኢትዮጵያ ነበረች፣ ቦታውም ትግራይ ውስጥ ውቅሮ አካባቢ፣ ተሳታፊዎቹም የሴፍቲኔት ቤተሰቦች። ድጋፉ ካቆመ ዓመት በኋላም ኑሯቸው ካልተደገፉት የተሻለ ነበር። ሕንድ ደግሞ የእኛ ሴፍቲኔት በተጀመረበት ዓመት ባወጣችው ሕግ ለጠየቀ የገጠር ቤተሰብ ሁሉ በዓመት የ100 ቀን ሥራ የማግኘት መብት ደነገገች። እዚያ ምረቃ የሚባል ነገር አልነበረም። ሥራ ያገኘ ይሄድ፣ ዝናብ ከቀረበት ተመልሶ ይጠይቅ ነበር። በሩ ሁለት ወገን ይከፈት ነበር።

እኔ ለቆቦ የምመኘው ይህንን ነው። ተመራቂው ስሙ ከክፍያ መዝገብ ቢወጣም ከወረዳው እጅ አይውጣ፤ ለሦስት ዓመት ያህል በተጠባባቂነት ይያዝ። የወረዳው የዝናብና የሰብል መረጃ መጥፎ ዓመት መሆኑን መስከረም ላይ ካሳየ፣ ያለ አዲስ ምልመላ ጥር ላይ ይመለስ፤ የብድር መክፈያውም በዚያ ዓመት ይራዘምለት። ሴፍቲኔት ድርቅ ሲመጣ ተጨማሪ ሰው የሚያቅፍበት አሠራር ከአምስተኛው ዙር በፊትም ነበረው፤ የተመረቁት በዚያ ውስጥ የመጀመሪያውን ተራ ቢያገኙ አዲስ ተቋም አያስፈልግም። የሥራ ዕቅዱ ቅጽም ቢያንስ አንድ መስመር ይጨመርለት፣ ዝናብ ቢቀር ይህ ሥራ በምን ይቆማል የሚል። መልሱ የመስኖ ሽንኩርት፣ ከተከለለው ተራራ የሚታጨድ ሣር፣ ወይም ወልድያ ያለ የቅጥር ሥራ ሊሆን ይችላል። መልስ ከሌለው ግን ያ ቤተሰብ ለምረቃ አልደረሰም።

እስከዚያው በሴፍቲኔት ውስጥ ላላችሁ ልትጠይቁ የምትችሉትን ልንገራችሁ። የተጠቃሚና የተመራቂ ስም ዝርዝር ከመጽደቁ በፊት በቀበሌው ሕዝብ ፊት መነበብ አለበት፤ ካልተነበበ ይነበብልን በሉ። የተጠቃሚነት ካርዳችሁ በእጃችሁ ይሁን፤ ሌላ ሰው ዘንድ አይቀመጥ። ጥሪታችሁ በዝቶ ተገምቷል የምትሉ በቀበሌው ቅሬታ ሰሚ ኮሚቴ አስመዝግቡ፤ እዚያ ካልተፈታ ወደ ወረዳ ይሄዳል። ብድር ላይ ከመፈረማችሁ በፊትም ክረምቱ ቢቀር የመክፈያው ጊዜ ይራዘም እንደሆነ ጠይቁ፤ ይራዘማል ከተባላችሁ ውሉ ላይ ይጻፍልን በሉ።